የጭስ መንገድ፤ በደጋ አገር ስለሚሠሩ አሮጌ ቮልስዋገኖች ማርሚታ መለወጥ

(በማኅበሩ አባላት ዓመታዊ ስብሰባ ላይ በአምቦ ከተማ የተደረገ ንግግር)




የንግግሬን ርእስ በመርሐ ግብሩ ላይ ስታዩ ፈገግ ያላችሁ አባላት ሳትኖሩ አትቀሩም። በእንዲህ ያለ መድረክ ስለ ግድብ፣ ስለ ድልድይና ስለ ኀይል ማመንጫ መስማት የለመደ ባለሙያ ስለ አንዲት አሮጌ መኪና ማርሚታ ሲነገረው፣ «ይህ የጋራዥ ጉዳይ አይደለምን?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። መልሴ አጭር ነው፤ አዎን፣ የጋራዥ ጉዳይ ነው። ነገር ግን በጋራዥ የሚሠራው ሥራ ሰው የሚተነፍሰውን አየር የሚወስን በሆነ ጊዜ የመሐንዲስም ጉዳይ ይሆናል።

ዛሬ ጧት አብዛኞቻችን ከአዲስ አበባ ተነሥተን በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ በኩል ወደዚህ መጥተናል። ከጊንጪ በስተሰሜን ያለውን የጭልሞን ደን፣ ጽዱንና ዝግባውን፣ ወይራውንም፣ ከሩቅ ያያችሁ ትኖራላችሁ። በዚያ ደጋ ላይ የጧቱ ብርድ ምን እንደሚመስል ለዚህ አገር ሰው መንገር ለቀባሪው እንደ ማርዳት ነው። በዚሁ መንገድ ላይ እስከ ዛሬ ድረስ የሚመላለሱ አሮጌ ቮልስዋገኖች አሉ። ንግግሬ በእነዚህ መኪኖች ላይ፣ ከመኪኖቹም በአንድ ክፍል ላይ ብቻ ያተኮረ ነው። ለማስረዳት የምፈልገውም ይህ ነው፤ የማርሚታ ጥገና የሚለካው በጩኸቱ መጥፋት ሳይሆን በጭሱ መንገድ ነው። ጩኸቱ ጠፍቶ ጭሱ መንገዱን ከሳተ፣ ጥገናው ተሠራ አይባልም።

ስለ መኪናዋ

ቮልስዋገን፣ በተለምዶ ቮልስ የምንላት፣ በዓለም ታሪክ ውስጥ ቅርጿ ሳይለወጥ ረጅም ዘመን ከተሠሩት መኪኖች አንዷ ናት። የሲቪል ምርቷ በሰፊው የተጀመረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ በ1945 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የካቲት 17 ቀን 1972 እ.ኤ.አ. ከዚያ በፊት በፎርድ «ቲ» ሞዴል ተይዞ የነበረውን ከ15 ሚሊዮን በላይ የሆነ የምርት ብዛት አለፈች። በጀርመን አገር ምርቷ በ1978 እ.ኤ.አ. ሲቆም በብራዚልና በሜክሲኮ ቀጥሏል፤ የመጨረሻዋም መኪና በሐምሌ ወር 2003 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ ከፋብሪካ ወጣች። በጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተዋል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ቮልስ የመምህሩም፣ የሐኪሙም፣ የመንግሥት ሠራተኛውም መኪና ነበረች። ከእርስዋ ጋር በከተማ ስሟ የሚነሣው ፊያት 600፣ ማለትም ሰይቼንቶ፣ በአዲስ አበባ በታክሲነት ብዙ ዘመን አገልግላለች። ቮልስ በታሪካችን ውስጥ ከተራ መጓጓዣነት ያለፈ ቦታ እንዳላትም ሁላችሁ ታውቃላችሁ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ከሥልጣን በወረዱ ጊዜ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር።

ይህች መኪና ለምን እስከ ዛሬ ቆየች ብለን ብንጠይቅ ምክንያቱ ምሥጢር የለውም። ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በአየር ስለ ሆነ ራዲያተርም፣ የውኃ ፓምፕም፣ የሚፈነዳ የውኃ ቱቦም የላትም። ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያያይዙት 4 ብሎኖች ብቻ በመሆናቸው ሁለት ጠንካራ ሰዎችና አንድ ክሪክ ካሉ አውርዶ መሬት ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። ቀላልነቷ ግን አንድ መዘዝ አለው። ውኃ የሌለው ሞተር ተሳፋሪውን የሚያሞቅበት ሙቀት ከየት ያመጣል? መልሱ ከራሱ ከጭስ ማውጫው ነው። የዛሬው ጉዳያችን የሚጀምረውም ከዚህ ላይ ነው።

ስለ ጋራዥ ቋንቋ ጥቂት ቃል

ወደ ዋናው ነገር ከመግባቴ በፊት ስለ ቃላት አንድ ነገር ልበል። የመኪና ሙያ ወደ አገራችን በሰፊው የገባው በጣሊያኖች በኩል ስለ ነበር የመካኒኮቻችን ቋንቋ ዛሬም የዚያን ዘመን ምልክት ይዟል። ማርሚታ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ዳዶ፣ ብሎን፣ ካቻቢቴ፣ ክሪክ፣ ኮፈን የምንላቸው ሁሉ ከዚያው የመጡ ናቸው። እኛ በዩኒቨርሲቲ የተማርነው ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ አንድ መሐንዲስና አንድ መካኒክ አንዱን ክፍል በሁለት ስም እየጠሩ፣ አንዱ የሌላውን ዕውቀት ሳይቀስም ይለያያሉ። በዚህ ንግግር ውስጥ የመካኒኩን ቃል የምጠቀመው ለጌጥ አይደለም፤ የምንናገረው ነገር ጋራዡ ደጃፍ ላይ ቆሞ እንዳይቀር በማሰብ ነው።

የጭሱ መንገድ

የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው። 4 ሲሊንደሮች፣ ሁለት በቀኝ ሁለት በግራ ተኝተው፣ በሁለት የአሉሚኒየም ቴስታታዎች ይከደናሉ። ከ4ቱ ሲሊንደሮች የሚወጣው ጭስ ወደ አንድ ማርሚታ ይሄዳል፤ ማርሚታው ከሞተሩ ጀርባ በአግድም የተንጠለጠለ፣ በሁለት ጫፉ ክንድ ያለው ቆርቆሮ በርሜል ነው። ወደ መኪናዋ ጅራት የቀረቡት ሁለት ሲሊንደሮች ጭሳቸውን በቀጥታ ለማርሚታው ይሰጣሉ። ወደ ፊት ያሉት ሁለቱ ግን ጭሳቸው አስቀድሞ በቀኝና በግራ ባሉ ሁለት የማሞቂያ ሣጥኖች ውስጥ ካለፈ በኋላ ነው ማርሚታው የሚደርሰው።

የማሞቂያ ሣጥኑ አሠራር እንዲህ ነው። በመካከሉ የጭስ ቱቦ ያልፋል፤ ቱቦው በብረት ክንፎች የተከበበ ነው፤ በዚያ ላይ ደግሞ የቆርቆሮ ሸማ ተደርቦለታል። የሞተሩ ማራገቢያ ንጹሕ አየር በክንፎቹና በቆርቆሮው መካከል ያሳልፋል። አየሩ ከቱቦው ሙቀት ይወስድና በመኪናዋ ጎንና ጎን ባለው ቦይ አድርጎ ወደ ተሳፋሪው እግርና ወደ መስተዋቱ ይወጣል። ነጂው በእጅ ፍሬኑ አጠገብ ባለው መክፈቻ ይከፍተዋል፣ ይዘጋዋል። ይህ አሠራር የመጣው ከ1963 እ.ኤ.አ. ሞዴል ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ሞተሩን አቀዝቅዞ የወጣውን አየር ራሱን ወደ ተሳፋሪው ይልኩ ነበር።

እንግዲህ ልብ በሉ። በሞተሩ ጭስና በተሳፋሪው ሳንባ መካከል ያለው አንድ የብረት ግድግዳ ብቻ ነው። ያ ግድግዳ እስካልተበሳ ድረስ ሥርዓቱ መልካም ነው። የተበሳ እንደ ሆነ ግን ለማሞቅ የተሠራው መሣሪያ ጭሱን ወደ ውስጥ የሚያስገባ ቦይ ይሆናል።

ሁለተኛም መንገድ አለ፤ ይህኛው ብዙ ጊዜ አይታሰብም። ማራገቢያው አየር የሚስበው ከሞተሩ ክፍል ውስጥ ነው። ሞተሩን ከታች ከሚገኘው ሙቅ አየር የሚለዩት የዙሪያ ቆርቆሮዎችና የጎማ ማሸጊያዎች ናቸው። እነዚህ በተደጋጋሚ ጥገና ጊዜ ወልቀው «አያስፈልጉም» ተብለው ከተጣሉ፣ በማርሚታው መገጣጠሚያ የሾለከው ጭስ ወደ ላይ ተስቦ በማራገቢያው ይገባል፤ ከዚያም ከማሞቂያው አየር ጋር ተደባልቆ ወደ ውስጥ ይሄዳል። ስለዚህ የማሞቂያ ሣጥኑ ደኅና ሆኖ እንኳ ጭስ ሊገባ ይችላል።

ዝገቱ ከየት ይመጣል?

ብዙ ሰው ማርሚታን የሚያዝገው የክረምት ጭቃ ይመስለዋል። ጭቃውም ድርሻ አለው፤ ዋናው ጠላት ግን ከውስጥ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን በተቃጠለ ቍጥር አንድ ሊትር ገደማ ውኃ ይፈጠራል። ሞተሩና ማርሚታው በሚገባ ሲሞቁ ይህ ውኃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ነገር ግን መኪናዋ ከቤት እስከ ቢሮ፣ ከቢሮ እስከ ገበያ ብቻ የምትንቀሳቀስ ከሆነች ማርሚታው ሳይሞቅ ጉዞው ያልቃል፤ እንፋሎቱም ተመልሶ ውኃ ይሆናል፤ ከቤንዚኑ ድኝ ጋር ተዋሕዶ አሲድነት ያገኛል፤ በርሜሉ ሥር ተኝቶም ያድራል። በደጋ የሌሊት ብርድ ነገሩ ይብሳል። ብዙም ሳትነዳ ከግቢ የምትውል መኪና ማርሚታ ቶሎ የሚበላው በዚህ ምክንያት ነው። ባለቤቱ «እኔ እኮ ብዙም አልነዳት» ብሎ ሲደነቅ፣ መልሱ በራሱ ቃል ውስጥ አለ።

የደጋው አየርና የሞተሩ ጭስ

አሁን ስለ ራሱ ስለ ጭሱ እንነጋገር። ከጭሱ ውስጥ እጅግ አደገኛው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በሆነ ጥንካሬ ይጣበቃል፤ በዚህም ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል። ከ1 ሺህ እጅ አየር 1 እጁ ካርቦን ሞኖክሳይድ በሆነበት ስፍራ ለሰዓታት የቆየ ሰው ራሱን ሊስት፣ ሊሞትም ይችላል። አጀማመሩ የሚታወቀው በራስ ምታት፣ በማቅለሽለሽ፣ በመዛልና በእንቅልፍ ነው።

እዚህ ላይ የአገራችን ከፍታ ሁለት ጊዜ ይጎዳናል። አንደኛው ጉዳት በሞተሩ በኩል ነው። ለስሌት እንዲመች 2,400 ሜትር ከፍታ እንውሰድ፤ አዲስ አበባም፣ የጊንጪና የጭልሞ አካባቢም ከዚህ ብዙም አይርቁም። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ካርቡራተር የሚለካው የአየርን መጠን እንጂ ክብደቱን ስላልሆነ፣ አየሩ በሳሳ ጊዜ ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም። ድብልቁ የሚበለጽገው በአየሩ እፍጋት ካሬ ሥር መጠን ነው፤ ሲሰላም ቤንዚኑ ከሚገባው በላይ ከ11 እስከ 14 በመቶ ይሆናል። በሙሉ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ አየር ለ1 ኪሎ ቤንዚን የሚያስፈልገው ድብልቅ ወደ 13 ይወርዳል ማለት ነው። ኦክስጅን ያጠረው ቤንዚን ደግሞ ካርቦኑን እስከ መጨረሻው አያቃጥልም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ አድርጎ ይተወዋል። ለባሕር ዳርቻ የተስተካከለ ካርቡራተር ጂጊለሩ ሳይለወጥ ደጋ ላይ ሲሠራ ጭሱን ይበልጥ መርዛማ ያደርጋል።

ሁለተኛው ጉዳት በተሳፋሪው በኩል ነው። በደጋ የሚተነፈሰው ኦክስጅን ቀድሞውኑ አነስተኛ ስለ ሆነ ሰውነት የሚያጣው ትርፍ የለውም። እነዚህን በአንድነት ስናያቸው፣ በሐምቡርግ ከተማ ራስ ምታት የሚያመጣው ቀዳዳ በጭልሞ ደጋ ላይ ከዚያ የከፋ ነገር ሊያመጣ እንደሚችል እንረዳለን። ብርዱም ነጂውን ማሞቂያውን እንዲከፍትና መስተዋቱን እንዲዘጋ ያደርገዋል።

አንድ ምሳሌ

ይህ በወረቀት ላይ የቀረ ስሌት እንዳይመስል አንድ የማውቀውን ልናገር። በምዕራብ ሸዋ ከተሞች በአንዱ የሚያስተምር አንድ መምህር ነበረ። ዘወትር ሰኞ ከአዲስ አበባ ገና ሳይነጋ ይነሣና በቮልሱ ወደ ሥራው ይሄዳል። ለጥቂት ሳምንታት ጊንጪ በደረሰ ቍጥር ራሱን ያመው፣ ያቅለሸልሸውም ነበር። ምክንያቱን ለብርዱና ለእንቅልፍ ማጣቱ ሰጠው። ጊንጪ ላይ ወርዶ ቡና ሲጠጣ ይሻለዋል፤ ለመዳኑም ቡናውን ያመሰግናል። ያዳነው ግን ከመኪናው መውጣቱ ነበር።

አንድ ቀን የ7 ዓመት ልጁን ከኋላ አስቀምጦ ሄደ። ልጅቱ ተኛች። ጊንጪ ሲደርሱ ሲቀሰቅሳት በቀላሉ አልነቃችም፤ አቅፎ ካወጣት በኋላ በነፋሱ ላይ ዐይኗን ገለጠች፤ አስመለሳትም። ወደ ሐኪም ተወሰደች፤ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ሆነች።

መምህሩ መኪናዋን እንድመለከትለት ጠየቀኝ። ማርሚታው በአንድ ጋራዥ በቅርቡ «ተሠርቷል»። ተበስቶ ሲጮኽ የነበረው ቦታ በቆርቆሮ ተጠቅልሎ በሽቦ ታስሯል። ጩኸቱ በእርግጥ ጠፍቷል። የግራውን የማሞቂያ ሣጥን ቆርቆሮ ባወለቅን ጊዜ ግን በውስጡ ያለው የጭስ ቱቦ የቡና ፍሬ በምታህል ቀዳዳ ተበስቶ፣ ዙሪያውም ጥላሸት ተቀብቶ አገኘነው። ማርሚታው ሲጮኽ ሳለ መምህሩ ቢያንስ አንድ ነገር እንደ ተበላሸ ያውቅ ነበር። ጩኸቱ ምስክር ነበር። ጥገናው ምስክሩን ዝም አሰኘው እንጂ ወንጀሉን አልነካውም።

ይህን የምናገረው መካኒኩን ለመክሰስ አይደለም። ደንበኛው የጠየቀው ጩኸቱ እንዲጠፋ ነበር፤ መካኒኩም የተጠየቀውን ሠራ። ጭስ ወዴት እንደሚሄድ ሊጠይቅ የሚገባው ሦስተኛ ሰው አልነበረም። ያ ሦስተኛ ሰው እኛ ልንሆን ይገባ ነበር።

እንዴት ይለወጣል?

አሁን የሥራውን ቅደም ተከተል በአጭሩ ላስረዳ። አብዛኛው ለመካኒክ አዲስ አይደለም፤ ትኩረት የምሰጠው ብዙ ጊዜ በሚዘለሉት ነጥቦች ላይ ነው።

በመጀመሪያ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። መኪናዋ በክሪክ ከተነሣች በኋላ በጠንካራ እንጨት ወይም በብረት መቆሚያ ትደገፍ፤ ክሪክ ማንሻ ነው እንጂ መደገፊያ አይደለም። የብየዳ ሥራ የሚኖር ከሆነ ባትሪው ይፈታ፤ በቮልስ ባትሪው የሚገኘው ከኋላ ወንበር ሥር መሆኑ አይዘንጋ። የቤንዚን ቱቦውም በሞተሩ ክፍል ስለሚያልፍ መላላቱና መሰንጠቁ አስቀድሞ ይታይ።

ሁለተኛ፣ ማርሚታውን ከቴስታታው ጋር የሚያያይዙት ዳዶዎች ከዓመታት ሙቀትና ዝገት በኋላ ከብሎናቸው ጋር አንድ አካል ሆነው ይገኛሉ። በማግሥቱ ለሚሠራ ሥራ ዋዜማውን ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ቀብቶ ማሳደር ይገባል። እምቢ ያለ ዳዶ በኀይል አይጠመዘዝም፤ በእሳት ሞቆ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ጥቂት በጥቂት እየተነቀነቀ ይፈታል። ብሎኑ ከተሰበረ የሚሰበረው አሉሚኒየሙ ቴስታታ ውስጥ ነውና፣ የግማሽ ቀን ሥራ ሞተር የማውረድ ሥራ ይሆናል። እዚህ ላይ ትዕግሥት ከጡንቻ ይበልጣል።

ሦስተኛ፣ ማርሚታው በወረደ ጊዜ የማሞቂያ ሣጥኖቹን ሳይመረምሩ አዲሱን መግጠም ከሥራው ግማሹን መተው ነው። ቆርቆሮው ሳይወልቅ እንኳ ቱቦው ውስጥ መብራት አስገብቶ በአየሩ መውጫ በኩል ማየት ይቻላል፤ ብርሃን ከታየ ቀዳዳ አለ። የተበሳ የማሞቂያ ሣጥን በብየዳ ተጣብቆ ወደ ቦታው ሊመለስ አይገባውም፤ የተበየደበት ሥፍራ አጠገቡ ያለው ብረትም ያው የሳሳ ነውና። ይለወጥ። የሚለወጥበት ከጠፋ በምትኩ ያለ ማሞቂያ ቀጥ ያለ የጭስ ቱቦ ይሠራ፤ ወደ ተሳፋሪው የሚወስዱት ቦዮች ይዘጉ፤ የማራገቢያውም ሁለት የሙቅ አየር መውጫዎች ይደፈኑ፤ ያለዚያ ለሞተሩ ማቀዝቀዣ የሚሆነው አየር በከንቱ ይወጣል። ተሳፋሪው ይበርደዋል? ይበርደዋል። ለብርዱ ግን ጋቢ አለ።

አራተኛ፣ አሮጌ ጓርኒሲዮን በምንም ምክንያት ተመልሶ አይገጠም። የቴስታታው ፊት በጥንቃቄ ይጸዳ፤ ማርሚታው በሁሉም ብሎኖች ላይ በእጅ ከተያዘ በኋላ ዳዶዎቹ ተራ በተራ፣ ቀስ በቀስ ይጥበቁ። አንዱን እስከ መጨረሻ አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ መጋጠሚያውን ያጣምመዋል። የ8 ሚሊ ሜትሩ ብሎን የሚፈልገው 20 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ በላይ ማጥበቅ ጥንካሬ ሳይሆን ብሎኑን ማድከም ነው። ማርሚታውን ከማሞቂያ ሣጥኖቹ ጋር የሚያያይዙት ማሰሪያዎችም አዲስ ይሁኑ። የወለቁት የዙሪያ ቆርቆሮዎችና የጎማ ማሸጊያዎች በሙሉ ወደ ቦታቸው ይመለሱ።

አምስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ፍተሻ ነው። ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ይነሣና፣ አንድ ሰው ሁለቱን የጅራት ቱቦዎች በወፍራም እርጥብ ጨርቅ ለጥቂት ሰኮንድ ይይዛቸዋል፤ ሌላው መጋጠሚያዎቹን ያዳምጣል፤ የሳሙና አረፋም ይቀባባቸዋል። አረፋው ከተነፋ ይሾልካል ማለት ነው። ይህ ሥራ በግልጥ ቦታ እንጂ በተዘጋ ቤት ውስጥ ከቶ አይደረግም። ከጥቂት ቀን ጉዞ በኋላም ዳዶዎቹ እንደ ገና ይፈተሹ፤ አዲስ ጓርኒሲዮን በሙቀትና በቅዝቃዜ ይቀመጣልና። ጥቁር ጥላሸት የታየበት መጋጠሚያ የሚሾልክ መጋጠሚያ ነው።

በአገር ውስጥ ስለሚሠራው ማርሚታ

«አዲሱን ከየት እናምጣ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የተጠቀመም ያልተጠቀመም ዕቃ ይገኛል፤ በመርካቶ ምናለሽ ተራ ደግሞ ከላሜራና ከአሮጌ በርሜል የማይሠራ ነገር የለም። በየከተማው ያሉ በያጆች የሚሠሯቸውን ማርሚታዎች አይቻለሁ፤ እጃቸው ሊመሰገን የሚገባው ነው። ሁለት ጉድለቶች ግን ይደጋገማሉ። አንደኛ፣ ላሜራው ለመታጠፍ እንዲመች ስስ ይመረጣል፤ ስስ ቆርቆሮ ደግሞ ከላይ የገለጽሁትን የውስጥ ዝገት አይቋቋምም። ሁለተኛ፣ ጩኸቱን ለመቀነስ ሲባል ውስጡ ያለ ልክ ይጠብባል፤ ጭሱ መውጫ ሲያጣ ሞተሩ ይሞቃል፤ በአየር ለሚቀዘቅዝ ሞተር ይህ ከባድ ሸክም ነው። ሁለቱም ጉድለቶች የሚመነጩት ከእጅ ጥበብ ማነስ ሳይሆን ንድፍ ከማጣት ነው። በያጁ የሚሠራው ከፊቱ ያለውን አሮጌ ማርሚታ አይቶ ነው፤ የውስጡን ክፍልፋይ ደግሞ ዝገቱ በልቶታል።

ስለ መጪው ጊዜ

አንዳንድ አባላት ይህ ሁሉ ስለሚያልፍ ነገር መድከም አይደለምን ሊሉ ይችላሉ። መንግሥት በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ክልከላ ማድረጉን አስታውቋል፤ የኤሌክትሪክ መኪኖችም በመንገዶቻችን ላይ እየበዙ ነው። ከዚያም በፊት በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከፍ ያለ ታክስ ጥሏል። በእኔ አስተያየት ግን እነዚህ እርምጃዎች የማርሚታውን ጉዳይ ያጠነክሩታል እንጂ አያስቀሩትም። አዲስ የቤንዚን መኪና ካልገባ ያለው እየተጠገነ መቆየቱ የማይቀር ነው። እየቆየ የሚሄድ መኪና ደግሞ ቀስ በቀስ አቅሙ ወደሚያንስ ባለቤት፣ ከዋና ከተማም ወደ ትንንሽ ከተሞች ይሄዳል። ጥሩ መሣሪያና መለዋወጫ ወደሌለበት፣ ብርዱም ወደሚጸናበት ይሄዳል ማለት ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ሐሳቦችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ለቮልስና መሰል አነስተኛ መኪኖች የሚሆን ማርሚታና ማሞቂያ የሌለው የጭስ ቱቦ፣ የላሜራው ውፍረት፣ የውስጡ ክፍልፋይና የቱቦው ስፋት በሚሊ ሜትር ተለክቶ የተጻፈበት አንድ ገጽ ንድፍ፣ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ተዘጋጅቶ ለበያጆች በነጻ ይታደል። ቃላቱም ጋራዡ የሚያውቃቸው ይሁኑ።

ሁለተኛ፣ የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቍጥር 681/2002 ተሽከርካሪዎች በየጊዜው እንዲመረመሩ ይደነግጋል። የአየር ማሞቂያዋን ከጭስ ማውጫዋ የምታገኝ መኪና በምርመራ ጊዜ ማሞቂያው ተከፍቶ በተሳፋሪው ክፍል ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ እንዲለካ ማኅበራችን ለሚመለከተው ክፍል ሐሳብ ያቅርብ። መለኪያው በእጅ የሚያዝ አነስተኛ መሣሪያ ነው፤ ልኬቱም ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይፈጃል።

ሦስተኛ፣ እያንዳንዳችን ከምንሠራበት ከተማ አቅራቢያ ካለው የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ጋር ተነጋግረን በዓመት አንድ ቀን ስለ ጭስ መንገድና ስለ ካርቡራተር ከፍታ ማስተካከያ ለተማሪዎች እንድናስተምር። አንድ ቀን ለማናችንም አይከብድም።

ክቡራትና ክቡራን፤

በሙያችን ትልቅ ሥራ የሚባለው ብዙ ጊዜ በስፋቱና በወጪው ይለካል። ነገር ግን መሐንዲስ የሚፈለገው ነገር መጠኑ አነስተኛ ሆኖ መዘዙ ከባድ በሆነበት ቦታ ላይ ጭምር ነው። በየመንደሩ የሚተጉት መካኒኮችና በያጆች ዝም የሚያሰኙት ጩኸት ምን እየነገራቸው እንደ ሆነ ካወቁ ሌላውን ራሳቸው ይሠሩታል። የእኛ ድርሻ ያንን ዕውቀት በሚገባቸው ቋንቋ ማድረስ ነው።